ጸሐፊው ማን ነው?

ሰሞኑን ያናደደኝ ፌጦ ነው። የእህቴ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። ፌጦ ይፈቀድላት እንደሆነ ለማወቅ ስልኳ ላይ ፈልጋ ያገኘችውን የአማርኛ ገጽ ላከችልኝ። ገጹ ፌጦ ከጥንት ጀምሮ እንደሚታወቅ ይተርካል፤ እርግዝና አስደሳች ጊዜ መሆኑንም ይነግራታል፤ በየአንቀጹ መሀል ማስታወቂያ አለ። ወረድ ሲሉ አንዱ አንቀጽ «በየቀኑ ውሰድ» ይላል፤ ከሥሩ ያለው «ፈጽሞ አትውሰድ» ይላል። ነፍሰ ጡሯን «አንተ» እያለ! ማን ጻፈው? መቼ? የትኛው ሐኪም አየው? አንድም መስመር የለም።

እንዲህ ያለ ገጽ የሚሠራው ታስቦበት ነው። ሰው ጉግል ላይ ምን እንደሚጠይቅ ይታይና ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ገጽ ይፈበረካል። ገንዘቡ የሚገኘው ከማስታወቂያው ስለሆነ መልሱ ወደ ታች ይገፋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 «ፓንዳ» በተባለው ማሻሻያ እነዚህን ገጾች ወደ ኋላ ሊያስቀር ሞክሯል፤ በ2024ም ደንቡን አጥብቋል። በእንግሊዝኛው እንኳ ገና አልጠሩም። በአማርኛማ ስለ ጤና የተጻፈ ደህና ነገር ጥቂት ስለሆነ የማይረባው ያለ ተፎካካሪ ከላይ ይቀመጣል።

«ነፃ ነው፣ ያልፈለገ አያንብበው» የሚሉኝ አሉ። ልጅቷ የፈለገችው መልስ ነበር፤ አላገኘችም።

ጽሑፍ ያለ ጸሐፊ ስም አይውጣ እያልኩ ስንቴ እንደጮኽኩ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። አሁንም አልተውኩም፤ ግን ስም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካው ስፖርትስ ኢለስትሬትድ ድረ ገጽ ላይ ስለ ሸቀጦች የጻፉ ሰዎች ስምና ፎቶ ነበራቸው። ፎቶው ኮምፒውተር የሠራቸው ፊቶች ከሚሸጡበት ገጽ የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ሰዎቹ ግን አልተገኙም። ስለዚህ ስም ስታዩ ሰውየውን ፈልጉት። ሌላ ምን ጽፏል? የት ይሠራል? ሲሳሳት አርሞ ያውቃል?

በእኛም ሰፈር ከፌስቡክ ተገልብጦ ያለ ባለቤት የሚወጣ ዜና ሞልቷል። አዘጋጆች ይህን እያዩ ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል።

ሐኪሞችና አዋላጅ ነርሶች፣ እባካችሁ በአማርኛ ጻፉ። እናቶች በየክትትሉ የሚጠይቋችሁን ታውቁታላችሁ፤ መልሱን አጭር አድርጋችሁ፣ ስማችሁንና ቀኑን አስፍራችሁ አውጡት። ይህ ዓምድ ቦታውን ይለቅላችኋል።