ኮምፒውተር አንገት መድፋትን እንዴት ይተርጉመው?

እስኪ አስቡት። ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ጠያቂው በዕድሜ አባቱን ያህላል። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ዓይን ለዓይን መተያየቱን ሸሸ። ጉብሬም ሆነ ቡታጅራ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ «ጨዋ ልጅ ነው» ይላል። ካሜራው ግን «በራሱ አይተማመንም፣ ሥራውንም አልፈለገውም» ብሎ ነጥቡን ቢቀንስበትስ?

ነገሩ ተረት አይደለም። ፊትን፣ እይታንና አቀማመጥን አይቶ «ይሄ ተግባቢ ነው፣ ያ ኩሩ ነው» የሚል ሶፍትዌር ከተሠራ ቆይቷል። አሠራሩም ቀላል ነው። ሰዎች ብዙ ቪዲዮ እያዩ «ይሄ አክብሮት፣ ይሄ ንቀት» እያሉ ምልክት ያደርጋሉ፤ ማሽኑ ከነሱ ይማራል። ስለዚህ ማሽኑ የሚማረው የተቀረጸውን ሰው ልብ ሳይሆን የምልክት አድራጊውን ግምት ነው።

ምልክት አድራጊው ደግሞ እኛን ላያውቀን ይችላል። እኛ እኮ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ለባዳ ሰው የደነገጥን ነው የሚመስለው። ገበያ ላይ ዋጋ ሰምቶ ጀርባውን የሰጠ ገዢ «ና ተመለስ» እስኪባል እየጠበቀ ነው። ሽምግልና ላይ ዝም ያለ ሰው ተስማምቶም ተቀይሞም ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌ ደጋግሞ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ጾታን የሚለዩ ፕሮግራሞች ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶች ላይ ከ1 በመቶ በታች ሲሳሳቱ፣ ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ጾታን በቅጡ ያልለየ ማሽን ይሉኝታን ሊለይ ነው?

ባለቤቶቹም እየሸሹት ነው። ለሥራ ቅጥር ቪዲዮ የሚመረምረው ሃየርቪው የፊት ትንተናውን መተዉን በ2021 አስታወቀ፤ ማይክሮሶፍት በ2022 ስሜት ማንበቢያውን እንደሚያቆም አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2025 ጀምሮ፣ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፣ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ስሜትን በማሽን ማንበብ ከልክሏል። እነሱ የጣሉትን እኛ በርካሽ ገዝተን እንዳናመጣው እሰጋለሁ።

ታዲያ ይቅር ወይ? አይቅር። ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ልጆች ሠርተዋል፤ አቅሙ አለን። የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ሥራቸውን እዚህ ላይ ቢያደርጉትስ? ምልክቱን የሚያደርጉት ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ነጋዴዎች ይሁኑ። «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ምርጫም ይኑር። ከመቀረጹ በፊት ሰውየው ይፈቀድ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሰው ፊትም የግል መረጃ ነው።

አንድ ነገር ግን አይለወጥ፦ ማሽኑ ይጠቁም እንጂ አይፍረድ። ቅጥር፣ ብድርና የተማሪ ውጤት በካሜራ ግምት አይወሰን። ልጆቻችን አክብሮት ስላሳዩ እንጀራቸውን ማጣት የለባቸውም።