መድኃኒቱ ያመጣውን የደበቀስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ችግሩን ያመጣው ራሱ መድኃኒቱ ሲሆንና ሕመምተኛው ይህንኑ ለሐኪሙ ለመናገር ሲያፍርስ ምን ይበጃል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብዙ ሰው ዘወትር የሚወስዳቸው አንዳንድ መድኃኒቶች በወሲብ ፍላጎትና ችሎታ ላይ የሚያስከትሉትን ችግር መግለጽና፣ ከመድኃኒቱ ይልቅ ዝምታው የባሰ እንደሚጎዳ ማስረዳት ነው።

አንዳንድ አንባብያን «በማኅበራችን ልሳን ላይ እንዲህ ያለ የጓዳ ጉዳይ ምን አመጣው?» ይሉ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። አንድ የ50 ዓመት ሰው «ወንድነቴን ነሳኝ» ብሎ የደም ብዛት ክኒኑን በምስጢር ቢያቆምና ከወራት በኋላ ስትሮክ ቢጥለው፣ ጉዳዩ የጓዳ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብና የኅብረተሰብ ጉዳይ ይሆናል። ያ ሰው የማናችንም አባት ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ነገሩን በየመልኩ እንየው። ከደም ብዛት መድኃኒቶች መካከል ሽንት የሚያበዙት እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት፣ እንዲሁም ከቤታ ብሎከሮች ቆየት ያሉት ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል በአንዳንድ ወንዶች ላይ ስንፈተ ወሲብ ያስከትላሉ። ስፓይሮኖላክቶን የወንድ ሆርሞንን ሥራ ስለሚያውክ ፍላጎትን ሊቀንስና የወንድን ጡት ሊያሳብጥ ይችላል። በአንጻሩ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና አምሎዲፒን በዚህ ረገድ እምብዛም አይከሰሱም። ለድብርት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን ደግሞ የሴሮቶኒንን ሥራ ከፍ ስለሚያደርጉ ፍላጎትን ያቀዘቅዛሉ፤ እርካታንም ያዘገያሉ ወይም ጭራሽ ያስቀራሉ። ይህም በወንድም በሴትም ላይ ይታያል። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፐሪዶን ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ በማድረግ ፍላጎትን ይቀንሳሉ፤ የሴትንም የወር አበባ ያዛባሉ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በክኒን ላይ መጫን ስሕተት ነው። የደም ብዛትና የስኳር በሽታ ራሳቸው የደም ሥርን ይጎዳሉ፤ ስኳር ነርቭንም ያበላሻል። ሲጋራም እንዲሁ ነው። ድብርትም ገና ምንም መድኃኒት ሳይወሰድ ፍላጎትን ያጠፋል። ከዚህም በላይ ፍርሃት ብቻውን ችግር ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ የልብ ሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ከዚያ በፊት ችግሩ ያልነበረባቸው 96 ወንዶች በሦስት ተከፍለው አቴኖሎል ተሰጣቸው። የሚወስዱት ምን እንደሆነ ካልተነገራቸው መካከል ስንፈተ ወሲብ ገጠመን ያሉት 3.1 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የመድኃኒቱ ስም ብቻ ከተነገራቸው 15.6 በመቶ፣ ስሙም ጉዳቱም ከተነገራቸው ደግሞ 31.2 በመቶ ሆኑ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የተለያየው የሰሙት ወሬ ነው።

«እንግዲያው ለሕመምተኛው አለመንገር ይሻላል» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐኪሙ ዝም ቢል ሕመምተኛው ከጎረቤቱ፣ ከስልኩ ወይም በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ካለው ወረቀት መስማቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚሰማው ጉዳቱን ብቻ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ቢነግረው ግን ችግሩ በሁሉም ላይ እንደማይደርስ፣ ቢደርስም መጠኑን በመቀነስ ወይም መድኃኒቱን በመለወጥ ብዙ ጊዜ እንደሚስተካከል አብሮ ይሰማል። ጉዳቱን ብቻ ከመስማት የሚለየው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ዝምታው የሚወልደው ሌላው መዘዝ ራስን በራስ ማከም ነው። ቤታ ብሎከርን በድንገት ማቆም በተለይ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ለድንገተኛ የልብ ጥቃትና ለሞት ሊያበቃ ይችላል። የድብርት መድኃኒትን በአንድ ቀን መጣልም ማዞርን፣ እንቅልፍ ማጣትንና መነጫነጭን ያመጣል፤ ድብርቱም ሊመለስ ይችላል። ወደ ውጭ የወጣን ሁሉ የምናውቀው ሌላ ነገርም አለ። ካገር ቤት «ያችን ክኒን በመንገደኛ ላክልኝ» የሚል መልእክት ይደርሰናል። ሲልደናፊል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ከተፈቀደ ወዲህ ብዙ ሰው ረድቷል፤ ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ለደረት ውጋት ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው አብሮ ቢውጠው የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የምንወደው ሰው ሌላ ምን እንደሚወስድ ሳንጠይቅ መላክ ውለታ አይደለም። ደግሞም ስንፈተ ወሲብ አንዳንድ ጊዜ የልብ ደም ሥር መጥበብ የመጀመሪያ ምልክት ስለሚሆን፣ በክኒን ሸፍኖ ማለፍ ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው።

የሴቶች ዝምታ ደግሞ እጥፍ ነው። ወንዱ ቢያንስ ለጓደኛው በቀልድ ያነሳዋል። ሴቷ ግን ፍላጎቷ መቀነሱን ብትናገር «ከመጀመሪያውስ ፍላጎት ነበራት ወይ?» የሚል ፍርድ ትፈራለች፤ ሐኪሙም አይጠይቃትም። ይህ የባህል ጨዋነት ሳይሆን ኋላ ቀርነት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ሕክምናና ፋርማሲ የምንማር ሁሉ ጥያቄውን ከሕመምተኛው አንጠብቅ፤ «ይህን መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ በትዳርዎ ኑሮ የተለወጠ ነገር አለ?» ብለን በአክብሮት ቀድመን መጠየቅን ከአሁኑ እንልመድ። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን መድኃኒት የሚወስድ ማንኛውም ተማሪ ችግር ቢገጥመው ሳያቆም በፊት ለሐኪሙ ይንገር። በባዕድ ቋንቋ መናገር ቢያሳፍረው በወረቀት ጽፎ ይስጥ። ሦስተኛ፣ ማኅበራችን በሚያዘጋጀው የጤና ውይይት ላይ ስም የማይጻፍበት የጥያቄ ሣጥን ይቀመጥ፤ ለወንዶችም ለእኅቶችም።

አባቶቻችንን በስልክ ስናነጋግርም «ክኒንህን እየወሰድክ ነው ወይ?» ብለን ብቻ አንለፍ። «ተስማምቶሃል ወይ? ያስቸገረህ ነገር ካለ ሐኪሙ ሊለውጥልህ ይችላል» እንበላቸው። ዝርዝሩን ለእኛ መናገር አይጠበቅባቸውም፤ መፍትሔ እንዳለው ማወቃቸው ይበቃል።