የእህልን ዋጋ ማን ይቁረጥ?

ሐሙሲት የሚለው ስም የሐሙስን ገበያ ያስታውሳል። ገበሬው በገበያ ቀን ላመጣው እህል ዋጋ የመቁረጥ ሥልጣን የማን ሊሆን ይገባል? የሻጩና የገዥው ወይስ የመንግሥት? ሀገራችን ሁለቱንም መንገዶች ፈትናቸዋለች።

በደርግ ዘመን መንግሥት እህል የሚገዛ ድርጅት አቋቁሞ፣ በገበሬ ማኅበራት ላይ ኮታ እየደለደለ፣ ራሱ በወሰነው ዋጋ ይገዛ ነበር። ይህም ዋጋ ከገበያው ያነሰ ነበር። ምርቱ ለኮታው ያልበቃለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ እስከ ማስረከብ ደረሰ። ለፍቶ የሚከስር ሰው ደግሞ አብዝቶ ለማምረት አይተጋም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ።

ይህን አይተው «እንግዲያው ሁሉን ለገበያ እንተው» የሚሉ አሉ። እነርሱም የ1965 ዓ.ም.ን ረሃብ ያስታውሱ። በጎረቤታችን በወሎ ሕዝብ እየተራበ ሳለ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር። ገበያ እህልን የሚልከው ገንዘብ ወዳለበት ነው፤ የተራበው ሰው ግን ገንዘብ አልነበረውም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ዋጋን መቁረጥ የሻጭና የገዥ ድርሻ ነው። መንግሥት ግን የሚዛኑን ትክክለኛነት ይጠብቅ፤ መንገድ ይሥራ፤ ለክፉ ቀን የሚሆን እህል ያከማች። የገበሬውን ጎተራ ያለ ፈቃዱ ማስከፈትም ሆነ የተራበውን ሰው ለገበያ አሳልፎ መስጠት፣ ሁለቱም በደል ናቸው።