የቸርችል ዳገትና እኛ እግረኞች

ቸርችል ጎዳናን በእግሩ ለወጣ ሰው የዳገቱን ነገር መተረክ ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከለገሃር ተነሥቶ ብሔራዊ ቴአትርንና ዋናውን ፖስታ ቤት አልፎ፣ በጥቁር አንበሳና በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ማዘጋጃ ቤት እስኪደርስ ድረስ እግረኛ ዕድሜውን በጉልበቱ ይቆጥራል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለገሃር ላይ ያወርደናል፤ ዳገቱ ግን የራሳችን ነው። እኔም ወደ ሥራዬ የምወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከስንኞቼ የሚበዙት እዚሁ ስሄድ የተቋጠሩ ናቸውና፣ ዛሬ ስለ መንገዱ ብጽፍ አንባብያን ከሥነ ጽሑፍ እንደ ራቅሁ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ እናቴን ለሕክምና ይዤ ስወጣ፣ አንዲት መኪና ሁለት ጎማዋን የእግረኛው መንገድ ላይ ሰቅላ ቆማ አገኘናት። ለማለፍ ወደ አስፋልቱ መውረድ ግድ ሆነብን። እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ከኋላ የሚመጣውን ታክሲ እየተገላመጠች፣ «ልጄ፣ ይቺ ባለቤት የላትም?» አለችኝ። የጠየቀችው ስለ መኪናዋ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ስለ መንገዷ እንደ ጠየቀችኝ አድርጌ እሰማዋለሁ።

በእርግጥ ምንም አልተሠራም ማለት ግፍ ነው። የመስቀል አደባባይ እድሳት በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሥሩ 1,400 ያህል መኪኖች የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቶለት ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ብዙ ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ፣ መብራትና አበባ አግኝተዋል። ይህን ውበት የሚጠላ ዐይን የለኝም። ነገር ግን በዚያው ሥራ ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ዛሬ የሚኖሩት በከተማዋ ዳርቻ ነው። ቀድሞ በእግሩ ሥራው ይደርስ የነበረ ሰው አሁን በንጋት ሰልፍ ይዞ አውቶቡስ ይጠብቃል። ጎዳናው አማረ የምንለው ይህ ሰው በሰዓቱ ሲደርስበት ነው።

አዲስ አበባ የእግረኛ ከተማ ናት። ከዕለት ጉዞዋ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚደረግ ነው፤ ከቀረውም አብዛኛው በአውቶቡስና በታክሲ ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱብን ሰዎችም የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ባለመኪናው ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን የመንገዱን ዳር የያዘው እርሱ ነው።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና በመስኮት ቋንቋ ላስረዳ። አንድ ደንበኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት መስኮቱን ተደግፎ ቢውል ከኋላው ያለው ሰልፍ ምን ይላል? መኪናውን ጠዋት አቁሞ ማታ የሚያነሣ የቢሮ ሠራተኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለየአንዳንዱ አንድ ሰዓት ቢደርሰው ዘጠኝ ሰዎች ጉዳያቸውን የሚፈጽሙበትን ቦታ ብቻውን ይውልበታል። ስለዚህ የመንገድ ዳር ማቆሚያ ዋጋ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ይጨምር፤ ቆሞ የሚውል መኪና ወደ ሕንፃና ወደ ምድር ቤት ማቆሚያ ይግባ። በተለቀቀው ዳር ጠዋትና ማታ አውቶቡስና ታክሲ ብቻ ይሂዱበት። ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ አንድ ሰው ከያዘች መኪና ኋላ ተሰልፎ መዋሉ በየትኛውም ሒሳብ አይወራረድም። ከማቆሚያው የሚገኘው ገቢም ለዳገቱ መቀመጫ፣ ለማቋረጫው መብራት፣ ለጥላ የሚሆን ዛፍ ይዋል።

«መኪና የሌለው ባለመኪናውን ቢቀናበት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው ልናዘዝ፦ ለመኪና መግዣ የሚሰጠው የሠራተኛ ብድር ለእኔም ደርሶኛል። ማመልከቻውን ሞልቼ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ከእናቴ ጋር ያን ዳገት ከወጣሁ ወዲህ ደጋግሜ አውጥቼ አይቼዋለሁ። እናቴ እየደከመች ነው፤ በመኪና ባደርሳት ማን ይፈርድብኛል? ነገር ግን አድርሼያት መኪናዬን የት አቆማለሁ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሌላ ሰው እናት በምታልፍበት መንገድ ላይ። እያንዳንዳችን ከችግሩ ለማምለጥ በገዛን ቁጥር ችግሩን ለጎረቤታችን እናበዛበታለን። አውቶቡሱ በሰዓቱ ቢመጣ፣ ከዳገቱ መሐል ማረፊያ ቢበዛ፣ የእግረኛው መንገድም ለእግረኛው ቢከበርለት፣ ያን ማመልከቻ ቀድጄ በጀርባው ግጥም እጽፍበታለሁ። እስከዚያው ግን እነሆ ሁለት ስንኝ፦

መንገዱን አስውበን በአበባ በመብራት፣
ሰፋ የምንለው ሲበቃ ነው ለእናት።