አጥቂው ላይ ጣት መቀሰር ይብቃን

ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር ደባርቅም ዳባትም ሻይ ቤት የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «አጥቂ የለንም!»

ሐሰት ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ 29 ጎል አግብቷል። በጥር 2014 የካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ላይ ግን አንድም አላገባም። ልጁ በጥቂት ወር ጎል ማግባት ረሳ? አልረሳም። ኳስ የሚያደርስለት አጣ።

ቁጥሩን እዩት። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ አንድ ጎል፣ በ2014 ካሜሩን ላይ ሁለት። በስድስት ጨዋታ ሦስት፤ አንዷም ፍጹም ቅጣት ምት ናት። የገባብን 13።

በጥር 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ ስንወስድ ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ አገቡ። አራት ሰው! ያ የአንድ አጥቂ ሥራ አልነበረም።

አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል ይህን ያውቁታል። ከፊት የሚሰለፉት አምስት ግዙፎች ኳስ ይዘው አይሮጡም፤ ሥራቸው ወርዋሪውን መከለል ነው። ስማቸውን የሚጠራ ጥቂት ነው። እነሱ ሲፈርሱ ግን ኮከቡም ይወድቃል። ስለዚህ ክለቦቹ ለእነሱም ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ፤ አብረው እንዲቆዩም ይጥራሉ።

እኛስ? ክለቦቻችን ክረምት በመጣ ቁጥር ቡድን አፍርሰው እንደ አዲስ ይገዛሉ። ፌዴሬሽኑም ውጤት ሲጠፋ አሰልጣኝ ይቀይራል። በዚህ መሀል ማን ከማን ጋር ይግባባል?

ጥያቄያችን ይቀየር። አዲስ አጥቂ አንጠይቅ፤ አንድ አሰልጣኝና አንድ የመሀል ሜዳ ስብስብ ለአራት ዓመት ሳይነካ ይቆይ እንበል።

ዋልያ በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ የሚቆመው በቀንዱ አይደለም፤ በእግሩ ነው።