ስታፋ ላይ አይቆጠብ

የአርማታ ምሰሶ የዘወትር ሸክሙን ያለ ችግር ይሸከማል። ጉዱ የሚታየው ኃይል በድንገት ሲመጣበት ነው፤ ምድር ስትናወጥ፣ ከባድ መኪና ሲገጨው፣ ፈንጂ ሲፈነዳ። ኮንክሪት በቅጽበት ሲጫኑት ከወትሮው ጠንክሮ መገኘቱ በቤተ ሙከራ የታወቀ ነው። ይህ ግን ብዙም አያጽናናም። ምሰሶው ቀስ ብሎ በመተጣጠፍ ፈንታ በሰያፍ ተሰንጥቆ በአንዴ ሊሰበር ይችላልና።

የሚያድነው ስታፋው፣ ማለትም የምሰሶውን ቋሚ ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ብረት ነው። የምሰሶውን እምብርት እንደ መቀነት አጥብቆ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1971 በካሊፎርኒያ የሳን ፈርናንዶ ርዕደ መሬት የኦሊቭ ቪው ሆስፒታልን ሲመታ፣ እንደ ጥቅል በሚዞር ስታፋ የተጠመጠሙት ምሰሶዎች የውጭ ኮንክሪት ልባሳቸው ረግፎ፣ ክፉኛ ዘምመውም ሕንጻውን ተሸክመው ቀሩ። በተራ ስታፋ የታሰሩት የማዕዘን ምሰሶዎች ግን ደቀቁ።

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው ተከታታይ ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ሆኖም በየግንባታው ስታፋ ማራራቅ እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ምን ይደረግ፣ ለገዥ የሚታየው የፊት ለፊቱ መስታወት ነው! ጫፉ በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ ልባሱ ሲረግፍ ይከፈታል፤ በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ መታጠፍ፣ በምሰሶው ግርጌና አናትም መቀራረብ አለበት። ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች ሆይ፣ ይህን በዓይናችሁ ሳታዩ ኮንክሪት እንዲሞላ አትፍቀዱ።