ከጫጩቱ በፊት ቤቱ ይታሰብ

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የዶሮ እርባታን ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር አያይዞ የገጠሩን ቤተሰብ ማዕድ ለማሻሻል የታቀደ መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ በየወረዳው ጫጩት ሲከፋፈል ቆይቷል። በሪፖርት ጎልቶ የሚቀርበው ግን የተከፋፈለው ብዛት ነው፤ እንቁላል ለመጣል የበቁት ስንት እንደሆኑ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። በብድር ጫጩት የወሰደች እናት “ሸለምጥማጥ ፈጀብኝ” ብትል ዕዳው አይሰረዝላትም።

የተሻሻለው ዝርያ ብዙውን ጊዜ እስከ 45 ቀን ድረስ ያለ እናት ዶሮ አድጎ ነው ለገበሬው የሚደርሰው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጮኻ በክንፏ ሥር የምትሰበስበው እናት የለችውም። በመሆኑም ቀን ከጭልፊትና ከጭላት፣ ሌሊት ከሸለምጥማጥና ከዱር ድመት የሚጠብቀው ቤቱ ብቻ ነው። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ሾልኮ ይገባል፤ ከገባም የሚገድለው ከሚበላው ይበልጣል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ያደርግ ይሆናል እንጂ እርሱንም አይጥንም አያግድም። ቀዳዳው ከ1.3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሽቦ ያስፈልጋል። ሽቦ መግዣ የሌለው ገበሬ ቤቱን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በእንጨት ቢሠራ፣ ቋሚዎቹንም አሮጌ ቆርቆሮ ቢያለብስ፣ የሚወጣው አውሬ እየተንሸራተተ ይወድቃል። በሩም ፀሐይ ሳትጠልቅ መዘጋት አለበት።

ይሁን እንጂ በሚገባ የተዘጋ ቤትም ውስጡ ጠላት ሊኖረው ይችላል። የዶሮ መዥገር ቀን በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጣል፤ ጠዋት ዶሮዋን የሚመረምር ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል። ደም ሳያገኝ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚቆይ፣ ባለፈው ዓመት ዶሮዎች ያለቁበት ባዶ ቤት ንጹሕ ነው ተብሎ አዲስ ጫጩት ሊገባበት አይገባም። ስንጥቁ በፈላ ውኃ ተለብልቦ በጭቃ ይመረግ፤ ቆጡም እየወጣ የሚጸዳ ይሁን። በዓይንና በኩክኒ ዙሪያ ተጣብቆ የሚታየውን ቁንጫ ቫዝሊን ሲቀቡት ታፍኖ ይሞታል። እንቁላሉ ግን መሬት ላይ ስለሚረግፍ ጉዝጓዙ ተጠርጎ ካልተቃጠለ ድካሙ ከንቱ ነው። ዶሮዎች የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ እናቶቻችን ያቆዩልን ዘዴ ነው፤ እኛ በኮሌጅ ከተማርነው ጋርም አይጋጭም።

በአንዳንድ ቦታ ሥጋ መርዞ መጣል ይታያል። ይህ ውሻና ጥንብ አንሣ ጭምር ይፈጃል። የሰብል መድኃኒት በዶሮ ቤት መርጨትም መርዙን ወደ እንቁላሉ ያደርሳል። ሸለምጥማጡ ራሱ እህል የሚያጠፋውን አይጥ የሚያድን አውሬ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 541/1999ም የዱር እንስሳት እንዲጠበቁ የወጣ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች የጫጩት ተቀባዮችን ስም ከመመዝገባቸው በፊት በየደጁ ዞረው ቤቱን ቢያዩ፣ ቤት ለሌላቸው የባሕር ዛፍ እንጨት ከጋራ ደን ቀድሞ እንዲሰጣቸው ቢያደርጉ መልካም ነው። ዶሮዎች አጥር ለአጥር ስለሚገናኙ የጽዳቱም ቀን ለጎረቤታሞች ሁሉ አንድ ይሁን።